ለእናታችን የትኛው ትከሻ ይሻላል?



ውድ አድማጮቻችን፣ በዚህ የጤና ክፍለ ጊዜያችን አዘውትረን የምናነሳው ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ነፍሰ ጡር እናቶችና ስለ ሕፃናት ክትባት ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ከዚህ ቀደም ነክተነው የማናውቅ፣ ሲሰሙት የጥቂት ሰዎች ብቻ የሚመስል፣ ነገር ግን አንድን ቤተሰብ ለአራት ወራት ያጨቃጨቀ ጉዳይ ነው። ያመጣችልንም ከደሴ የጻፈችልን አንዲት እህታችን ናት።

የእህታችን እናት 71 ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት አሜሪካ ካለው ልጃቸው ዘንድ ሲሆን፣ የግራ ትከሻቸው መታመም ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ክንዳቸውን ከደረታቸው በላይ ማንሳት አይችሉም። ለተክቢራ የሚነሳው ቀኝ እጃቸው ብቻ ነው፤ ሂጃባቸውን የምታስርላቸው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ሌሊት ደግሞ ሕመሙ እያባነናቸው ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው ያነጋሉ። ሐኪሙ ከመረመራቸው በኋላ መገጣጠሚያው በሰው ሰራሽ መተካት እንዳለበት፣ የሚተከለውም "ሪቨርስ"፣ ማለትም የተገለበጠ የሚባለው ዓይነት እንደሚሆን ነገራቸው። ልጅየው ይህንን በስልክ ወደ ደሴ ሲያስረዳ "ኳሱን በጎድጓዳው ቦታ፣ ጎድጓዳውን በኳሱ ቦታ አድርገው ነው የሚተክሉት" አለ። ይህን ጊዜ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አጎትየው "አላህ የፈጠረውን መገልበጥ እንዴት ይቻላል?" አሉ። ሌሎች "ሊሞክሩባቸው ነው" ብለው ጠረጠሩ። እህታችንም "ተፈጥሮን የሚመስለው ሌላው ዓይነት እያለ ለእናታችን ለምን የተገለበጠው ተመረጠ?" ስትል ጠየቀችን።

እኛ የእናትየውን ራጅም ሆነ ስካን አላየንም፤ ስለሆነም በእርሳቸው ጉዳይ ፍርድ አንሰጥም። ጥያቄው ግን የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱም ሐኪም ላልሆነ ሰው ሊገባ የሚችል ነው።

አስቀድመን የአጎትየውን ስጋት እናንሳ። ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ.) የተባሉት ሶሐባ በጃሂሊያው ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸውን አጥተው ነበር። ከብር ሌላ አፍንጫ አሠርተው አደረጉ፤ ብሩ ግን ሸተተባቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠሩ እንዳዘዟቸው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ልጅ ጌጥ ሆኖ የማይፈቀድ መሆኑ እየታወቀ ማለት ነው። ዑለማዎች ይህንን ሐዲስ የጎደለን አካል በሰው ሰራሽ ለመተካት እንደ ማስረጃ ያነሱታል። ለውበት ብሎ ፍጥረትን መለወጥና የተበላሸን አካል ወደ ሥራው መመለስ አንድ እንዳልሆኑ ይለያሉ። እኛን ደግሞ በዚህ ታሪክ ሌላም ነገር ያስገርመናል፤ አንዱ ማዕድን ከገላ ጋር አልስማማ ሲል ሌላው መመረጡ። ዛሬ ትከሻ ላይ የሚተከሉት ዕቃዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ኮባልት ክሮም ከሚባለው ቅይጥ ብረት፣ ከታይታኒየምና ፖሊኢትሊን ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሐኪሙ አጥንት መሙላት ካስፈለገው ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ከራሱ ከታማሚው የክንድ አጥንት ተቆርጦ የወጣውን ነው። "የአሳማ ነገር ይኖርበት ይሆን?" እያሉ ለሚጨነቁ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ከሌላ የመጣ ነገር የሚጨመር ከሆነ ግን ምንጩን ሐኪሙን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ወደ ትከሻው እንመለስ።

የዳሌ መገጣጠሚያ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደቆመ ያለ ነው፤ ኳሱ ጠልቆ ስለገባ በቀላሉ አይወጣም። ትከሻ እንደዚያ አይደለም። ከክንዳችን አጥንት ጫፍ ያለው ኳስ ትልቅ ሲሆን፣ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ደግሞ ትንሽና ጠፍጣፋ ቢጤ ነው። ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ ቁጠሩት። ክንዳችን ወደ ላይም ወደ ኋላም ወደ ጎንም እንደልቡ የሚዞረው በዚህ የተነሳ ነው፤ ከሌላው መገጣጠሚያ ይልቅ የሚወልቀውም በዚሁ የተነሳ ነው። ታዲያ ብርቱካኑ ከሲኒ ማስቀመጫው ላይ ለምን አይንሸራተትም? የሚይዙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ጅማታቸው ኳሱን ከፊት፣ ከላይና ከኋላ ጠቅልሎ ወደ ጎድጓዳው ይጎትተዋል። ሐኪሞች በአንድነት "ሮቴተር ከፍ" ይሏቸዋል። ከእነርሱ በላይ ደግሞ እንደ ካባ የተደረበው፣ ክትባት የምንወጋበት ትልቁ ጡንቻ አለ፤ ዴልቶይድ ይባላል። ክንድን በኃይል የሚያነሳው ዴልቶይድ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ሲጎትት ኳሱ ወደ ላይ እንዳይሸሽ አራቱ አጥብቀው መያዝ አለባቸው። እንደ ድንኳን ገመድ ነው፤ ገመዶቹ ሲላሉ ምሰሶው ቢጠነክርም ድንኳኑ አይቆምም።

የእህታችን ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ጋ ነው። የዕቃው ዓይነት የሚመረጠው በብረቱ ውበት ወይም በዋጋው ሳይሆን፣ በዋናነት እነዚያ ጅማቶች አሉ ወይስ የሉም በሚለው ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት አናቶሚክ ይባላል፤ ተፈጥሮን ተከታዩ ማለት ነው። የተበላው ኳስ ተቆርጦ በብረት ኳስ ይተካል፤ በጎድጓዳውም ላይ ፕላስቲክ ይለጠፋል። ልም አጥንቱ አልቆ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ፣ ጅማቶቹ ግን ደህና ለሆኑ ሰው ይህ ጥሩ ትከሻ ነው። እንቅስቃሴው ወደ ቀድሞው ይቀርባል። ጅማቶቹ ከተበጠሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክንድ ለማንሳት በተሞከረ ቁጥር ኳሱ ወደ ላይ ይሸሽና የፕላስቲኩን የላይኛውን ጠርዝ ይጫናል፤ ሲወርድ ደግሞ ይለቀዋል። መሬት ላይ የተቸነከረ ካስማ አንድ ወገኑን ደጋግመው ሲገፉት ምን ይሆናል? ይላላል፣ በመጨረሻም ይነቀላል። ፕላስቲኩም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው የተገለበጠው ነው። የብረት ኳሱ ከጀርባ በኩል ባለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ጎድጓዳው ደግሞ በክንዱ አጥንት አናት ላይ ይሆናል። ይህን ያሰቡት በፈረንሳይ ዲዦን ከተማ የነበሩት ፖል ግራሞን የተባሉ የአጥንት ሐኪም ሲሆኑ፣ ንድፋቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራ ላይ ዋለ። ከእርሳቸው በፊትም በ1970ዎቹ መገልበጥን የሞከሩ ነበሩ፤ ነገር ግን የሚዞርበት ነጥብ ከአጥንቱ ርቆ ስለሚወጣ ዕቃው ከአጥንቱ እየተነቀለ አስቸገረ። ግራሞን ነጥቡን ወደ ውስጥና ወደ ታች አወረዱት። በዚህም ዴልቶይዱ ተወጠረ፤ ጉልበቱም ከማዞሪያው ነጥብ ራቀ። በርን በማጠፊያው አጠገብ ሲገፉት ይከብዳል፤ በእጀታው በኩል ሲገፉት ግን ሕፃን ልጅም ይከፍተዋል። ዴልቶይዱ አሁን በሩን የሚገፋው በእጀታው በኩል ነው። አራቱ ጅማቶች ባይኖሩም ብቻውን ክንዱን ያነሳል፤ ጎድጓዳውም ኳሱን ስለሚይዘው ወደ ላይ መሸሽ የለም።

ስለዚህ እህታችን፣ መገልበጡ የሐኪም ቀልድ ወይም ሙከራ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2003 ከፈቀደው ወዲህ እንኳ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክንዳቸውን ከደረት በላይ ማንሳት ያቃታቸው የ71 ዓመት እናት ላይ ሐኪም ይህንን ቢያስብ አያስገርምም። ነገር ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ "ጅማቶቹን በኤም አር አይ ወይም በአልትራሳውንድ አይታችኋል? ስንቱ ተበጥሷል?" የሚል። ሁለተኛም ዴልቶይዱና የሚያዘው ነርቭ ደህና መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። የተገለበጠው ትከሻ ሙሉ በሙሉ በዚያ ጡንቻ ላይ የተንጠለጠለ ነውና፣ ዴልቶይዱ ሽባ ከሆነ ክንዱን የሚያነሳ አይኖርም።

ሦስተኛው ዓይነት ግማሹ ነው። ኳሱ ብቻ ተቀይሮ ጎድጓዳው እንዳለ ይተዋል። ታሪኩ የቆየ ነው። እርግጥ ሰው ሰራሽ ትከሻ መጀመሪያ የተተከለው ከዚያም አስቀድሞ በ1893 በፓሪስ ነው፤ ፔያን የተባሉ ሐኪም ቲቢ ትከሻውን ለበላው ዳቦ ጋጋሪ አንድ የጥርስ ሐኪም ከፕላቲኒየምና ከጎማ የሠራውን ዕቃ ተከሉለት። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ግን መግል ስለያዘ ወጣ። ግማሹን በሰፊው ያስለመዱት የኒው ዮርኩ ቻርልስ ኒር ሲሆኑ፣ በ1955 ውጤቱን አሳተሙ፤ የፕላስቲክ ጎድጓዳ የጨመሩትም በ1970ዎቹ ነው። ግማሹ ዛሬ እየቀነሰ ሄዷል። ብረቱ ያልተቀየረውን ጎድጓዳ ቀስ በቀስ ስለሚበላው ሕመሙ ይመለሳል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ወድቀው የክንዳቸው አጥንት ራስ ሲሰባበርም ቢሆን አሁን ብዙ ሐኪሞች ወደ ተገለበጠው ያዘነብላሉ።

ታዲያ ጅማቱ ደህና የሆነ ሁሉ አናቶሚክ፣ የተበጠሰበት ሁሉ የተገለበጠ ብለን እንጨርስ? ቀድሞ እንዲያ ይባል ነበር። አሁን ግን መስመሩ እየደበዘዘ ነው። በ2024 በእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ጅማታቸው ደህና የሆነ፣ በእንግሊዝ አገር የተደረጉላቸውን ከ12 ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምናዎች አነጻጽሯል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ዳግመኛ የመቀየር ዕድል በተገለበጠው አነስ ብሎ ተገኘ፤ ታማሚዎቹ ስለ ሕመማቸውና ስለ ክንዳቸው ሥራ በተናገሩት ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። በ65 ዓመት ደህና የነበረ ጅማት በ75 ሊበጠስ ይችላል፤ ያን ጊዜ አናቶሚኩ ጉድ ይሆናል።

በዕድሜ ገና የሆኑ ሰዎች ጉዳይ ግን ይለያል። በ2019 በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት፣ በእንግሊዝ አገር ከ55 እስከ 59 ዓመት ባሉ ወንዶች ትከሻቸውን ካስቀየሩ ከአራቱ አንዱ ያህል በቀሪ ሕይወቱ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ሲያሳይ፣ ከ85 ዓመት በላይ ባሉ ሴቶች ግን ከ37 አንዷ ብቻ ናት። ስለዚህ ለጎልማሳ ሰው የሚመረጠው ዕቃ "ነገ ቢበላሽስ?" ተብሎ ነው። የተገለበጠው ሲበላሽ ወደ ኋላ መመለሻው ጠባብ ነው፤ አጥንቱም አብሮ ያልቃል። አናቶሚኩ ሲበላሽ ግን ወደ ተገለበጠው መሄድ ይቻላል። በክንዱ አጥንት ውስጥ የገባውን ዘንግ ሳይነቅሉ ከላይ ያለውን ብቻ ለውጦ መገልበጥ የሚያስችሉ ዕቃዎች አሉ። ወንድም እህቶቻችን፣ ከስልሳ በታች ሆናችሁ ይህ ከቀረበላችሁ "ይህ ዘንግ ሳይነቀል ሊገለበጥ የሚችል ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ዘንጉ ካነሳን፣ ረጅም አለ፣ አጭር አለ፣ ከ2004 ጀምሮ በአውሮፓ ዘንግ የሌለውም አለ። አጥንቱ ጠንካራ ከሆነ ባጠረ ቁጥር ለነገ አጥንት ይተርፋል። አጥንቱ የሳሳ እንደሆነ ረጅሙ፣ ምናልባትም በአጥንት ሲሚንቶ የተያዘው ይሻላል። ይህንን ለሐኪሙ መተው ነው፤ ብዙ አያከራክርም።

የጎድጓዳው አጥንት ጉዳይ ግን ያከራክራል። ትከሻ ሲያልቅ ሁልጊዜ እኩል አያልቅም፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ በኩል ይበላል። የሊዮኑ ጊል ዋልሽ በ1999 ይህን በፊደል ደረጃ ከፋፍለውታል፤ ሐኪማችሁ "ቢ ሁለት ነው" ቢላችሁ ጎድጓዳው ሁለት ጉድጓድ ሆኗል፣ ኳሱም ወደ ኋላ ሸሽቷል ማለቱ ነው። በዘመመ መሬት ላይ ቤት እንደመሥራት ነው፤ ወይ መሬቱን መደልደል፣ ወይ በዝቅተኛው በኩል መሙላት ያስፈልጋል። ለዚህ አንድ ጎኑ ወፍራም የሆነ ፕላስቲክ አለ፤ ብዙ ከተበላ ደግሞ ጅማቱ ደህና ቢሆንም የተገለበጠው ሊመረጥ ይችላል። ይህ በተራ ራጅ በደንብ አይታይም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲቲ ስካን ቢታዘዝ ገንዘብ ለመብላት ነው አትበሉ።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ እንግባ፤ በሐኪም ቤት ሰው ለመናገር የሚያፍረው ነውና። የተገለበጠው ትከሻ ክንድን ወደ ላይ በማንሳት ይረዳል፤ እጅን ወደ ኋላ ወስዶ ወገብንና መቀመጫን በመንካት ግን ብዙውን ጊዜ ይደክማል። ይህ በጥናትም የታወቀ ነው። ሙስሊም ደግሞ ኢስቲንጃ የሚያደርገው በግራ እጁ ነው። የእህታችን እናት የሚቀየርላቸው ትከሻ የግራው መሆኑን አስታውሱ። ስለሆነም ሐኪሙ ይህንን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ "በግራ እጄ በውሃ እታጠባለሁ፣ እጄ እዚያ መድረስ አለበት" ማለት ነውር አይደለም። ሐኪሙ የሚመርጠው አለና። የግራሞን የመጀመሪያው ንድፍ በክንዱ በኩል 155 ዲግሪ የዘመመ ሲሆን፣ ክንዱ ሲወርድ ጎድጓዳው ከታች ያለውን አጥንት እየፋቀ ይቦረቡረው ነበር። ከዚያ ወዲህ 135 ዲግሪ ያላቸውና ኳሱን ትንሽ ወደ ውጭ የሚያወጡ ዓይነቶች መጥተዋል። መፋቁ ቀንሷል፤ ክንዱንም ለማዞር እንዲረዱ ታስበው ነው የተሠሩት። ሙሉ ዋስትና ግን የላቸውም። ለዚህ ነው እቤት ውስጥ የውሃ ሻጣፍ አስቀድሞ ማስገባትና ከፊት በኩል መታጠብን መለማመድ የሚሻለው። ሁለቱም ትከሻዋ የሚቀየር እናት ካለች ነገሩ የበለጠ ይታሰብበት።

ሱጁድም አለ። የተገለበጠ ትከሻ ሊወልቅ ከሚችልባቸው ሁኔታዎች አንዱ ክንድ ወደ ኋላ ሄዶና ወደ ገላ ተጠግቶ ክብደት ሲያርፍበት ነው፤ ከወንበር ወይም ከመሬት በእጅ ተደግፎ እንደመነሳት ማለት ነው። አናቶሚክ ለተደረገለትም ቢሆን ከፊት በኩል ተከፍቶ የተሰፋው ጅማት እስኪድን በእጅ መደገፍ ክልክል ነው። ክንዱ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል፤ በእጅ መሬት ደግፎ መነሳት ደግሞ ከዚያም በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ነው። ሸሪዓችን ለታመመ ሰው ቆሞ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለም ተጋድሞ እንዲሰግድ ፈቅዷል። እናቶቻችን ግን "ግንባሬን ከመሬት ሳላገናኝ?" እያሉ ተደብቀው ሱጁድ ይወርዳሉ። ይህንን በሚገባ እናውቃለንና ልጆች ሆይ፣ ማንጠልጠያው ሳይወልቅ ክፍላቸው ውስጥ ወንበር አስቀምጡላቸው፤ የሚያምኗቸውንም ዓሊም አስጠርታችሁ ሩኽሷውን ከአንደበታቸው ይስሙ። ለውዱእም ግራ እጅን አንድ ሰው ይጠብላቸው።

ከዳኑ በኋላም ሃያ ሊትር የሞላ ጀሪካን ሃያ ኪሎ መሆኑን አትርሱ። እናት ከውጭ አገር ስትመለስ ትከሻዋ ዳነ ተብሎ ውሃ መቅዳት የእርሷ ሥራ አይሁን።

ሌላም አንድ ነገር አለ። በጥር 2024 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤግዛክቴክ የተባለው ኩባንያ የሠራቸውን አንዳንድ የትከሻ ዕቃዎች በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ዕቃዎቹ የታሸጉበት ከረጢት አየር ከሚከለክሉት ሽፋኖች አንዱ ጎድሎት ስለነበር ፕላስቲኩ ከጊዜው በፊት ሊያረጅ ይችላል የሚል ነው። ሕመም የሌለበት ሰው ዕቃውን እንዲያስወጣ አልተመከረም፤ ክትትል እንዲደረግለት እንጂ። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ "የእኔ ከዚያ ውስጥ ነው?" ብሎ ለማወቅ የሚቻለው የዕቃው ስምና ቁጥር ያለበት ካርድ ካለ ነው። ወደ ህንድ፣ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ታይላንድ ሄደው የሚታከሙ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ሐኪማቸውን ዳግመኛ አያገኙትም። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ የኩባንያውን ስም፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ልኩንና ቁጥሩን የያዘውን ካርድ ወይም በማሸጊያው ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ተቀበሉ፤ ፎቶ አንስታችሁም ለሁለት ልጆች ላኩ። አገር ቤት ያለ ሐኪም አንድ ቀን ያንን ትከሻ መክፈት ቢኖርበት ለዚያ ዕቃ የሚሆነውን መፍቻ የሚያውቀው ከዚያች ወረቀት ነው።

እህታችን ደብዳቤዋን ስትጨርስ "ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከሐኪሙ ጋር ቀጠሮ አለው፤ ምን ይበል?" ብላለች። ጅማቶቹ ስንቱ እንደተበጠሱ፣ ዴልቶይዱና ነርቩ መታየታቸውን፣ ጎድጓዳው ምን ያህል እንደተበላ፣ ዕቃው ስንት ዲግሪ እንደሆነና እጃቸው ወደ ኋላ የት ድረስ ይደርሳል ተብሎ እንደሚጠበቅ ይጠይቅ። አጎትየውም በስልክ መስመሩ ላይ ቢኖሩ ጥሩ ነው። አላህ እናታችንን ያሽርልን።